ኒዌ፣ ቫቫኡ፣ ፓላው፣ ያፕ ወይስ ፋካራቫ? የፓሲፊክ ደሴት ለሚመርጥ ጠላቂ

ፎቶ አይቶ ደሴት መምረጥ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ሦስት አውሮፕላን ቀይረው ከደረሱ በኋላ «ዓሣ ነባሪዎቹስ?» ሲሉ «ባለፈው ወር ሄዱ» ሲባሉ ነው። በፓሲፊክ ትንንሽ ደሴቶች ዙሪያ ያሉ ትልልቅ እንስሳት የወቅት እንግዶች ናቸው፤ አንዳንዶቹማ ቀጠሯቸው ከጨረቃና ከባሕሩ ሙላት ጋር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉትን እንስሳ ይወስኑ፣ ቀጥሎ የሚሄዱበትን ወር፣ ከዚያ የመጥለቅ ችሎታዎን በሐቅ ይመዝኑ፣ በመጨረሻም ፓስፖርትዎ በየት በኩል እንደሚያሳልፍዎት ይዩ። ደሴቱ ከእነዚህ አራት መልሶች ራሱ ይወጣል።

ለቸኮለ ሰው እነሆ። ዓሣ ነባሪ አጠገብ መዋኘት የሚፈልግ ወደ ቶንጋ፣ ወደ ቫቫኡ ይሂድ፤ የአየር ሲሊንደር አያስፈልገውም። ጥርት ያለ ውኃና ጸጥታ የሚፈልግ፣ ሰው የሚበዛበትን የማይወድ ኒዌን ይምረጥ። ማንታ የሚባለውን ክንፋም ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓሣ ለማየት ትዕግሥት ያለው ወደ ያፕ፣ ሻርክ በመቶ ቆጥሮ ማየት የሚሻና ኃይለኛ የውኃ ፍሰት የማያስደነግጠው ወደ ፋካራቫ ይሂድ። ሁሉንም ትንሽ ትንሽ የሚፈልግ፣ ወይም ወደ ፓሲፊክ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ ሰው ፓላውን ይምረጥ። ከዚህ በታች ያለው ምክንያቱና የሚበላሸው ነገር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኒዌ፦ ወንዝ የሌላት ደሴት

ኒዌ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ ከባሕር ወደ ላይ የተገፋች የኮራል ድንጋይ ናት። ነዋሪዎቿ 1,700 ያህል ብቻ ናቸው። ከ1974 ጀምሮ ራሷን በራሷ ታስተዳድራለች፣ ከኒውዚላንድ ጋር ግን በነጻ ማኅበር የተሳሰረች ናት፤ ገንዘቧም የኒውዚላንድ ዶላር ነው።

ለጠላቂ ትልቁ ነገር ውኃዋ ነው። ዝናቡ በቀዳዳማው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር ደሴቲቱ ላይ ወንዝ የለም፤ ወንዝ ከሌለ ደግሞ አፈር ወደ ባሕር የሚያወርድ የለም። ጭቃ የሚይዝ ላጉን፣ ማለትም በኮራል ቋጥኝ የታጠረ የተረጋጋ ባሕርም የላትም፤ ከባሕር ዳሩ ትንሽ እልፍ ሲሉ ጥልቁ ውቅያኖስ ነው። ውጤቱ በደህና ቀን ከ50 ሜትር በላይ ርቆ የሚታይበት ውኃ ነው። የዚያኑ ያህል ንጹሕ ውኃ ምግብ አልባ ውኃ ነውና፣ የዓሣ መንጋ እንደ ፓላው አይጠብቁ። የኒዌ ውበቷ በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ስንጥቆች፣ ዋሻዎችና ከላይ የሚወርደው ብርሃን ናቸው።

ሌላ ቦታ የማያገኙት እንስሳ ካቱዋሊ የሚባለው የባሕር እባብ ነው፤ ይህ ዝርያ የሚገኘው በኒዌ ዙሪያ ብቻ ነው። ነጭና ጥቁር ቀለበት ያለው፣ መርዙ ኃይለኛ፣ ጠባዩ ግን ገራም ነው። አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ አንዳንዴ በማወቅ ጉጉት ወደ ሰው ይጠጋል። ያኔ እጅን ወደ ደረት መሰብሰብና ዝም ብሎ መቆየት ነው። አደጋ የሚመጣው ሰው ሊይዘው ወይም መንገዱን ሊዘጋበት ሲሞክር ነው። ስኔክ ገሊ የሚባለው ቦታ በእነሱ ብዛት ነው ስሙን ያገኘው። እባብ ከቶ የማይሆንልዎት ከሆነ ኒዌ አትሆንዎትም፤ ይህን ቤት ሆነው ቢወስኑ ይሻላል።

የኒዌ ችግር ጀልባው ነው። ደሴቲቱ የተከለለ ወደብ የላትም። አሎፊ ከተማ ያለው መድረክ ላይ ጀልባ በክሬን ተነሥቶ ነው ወደ ውኃ የሚወርደው። ነፋሱ ወይም ማዕበሉ ከምዕራብ ከመጣ ክሬኑ አይሠራም፣ መጥለቅም የለም፤ እንዲህ ያለው ቀን ሁለትና ሦስት ሊሆን ይችላል። ጃንዋሪ 2004 ላይ ሄታ የተባለው አውሎ ነፋስ የምዕራቡን ዳርቻ ክፉኛ ጎድቶታል፤ ያንን ያየ ሕዝብ ከባሕሩ ጋር አይከራከርም፣ እርስዎም አይከራከሩ። ለአምስት ቀን መጥለቅ ቢያንስ ሰባት ቀን ይያዙ፤ በረራውም በሳምንት ጥቂት ብቻ ስለሆነ አንድ ካመለጠ ቀናት ይበላል። እሑድ ቀን የጸሎትና የዕረፍት ነው፣ ጀልባ አይወጣም።

ባሕሩ ሲቆጣ ባዶ እጅ አይቀሩም። ሊሙ የሚባሉት ገንዳዎችና ማታፓ የተሰኘው ገደላማ ስንጥቅ በሪፉ፣ ማለትም በኮራል ቋጥኙ፣ የተከለሉ ናቸው፤ ማስክና ስኖርክል ይበቃል። እዚያ ስትዋኙ ዓይናችሁ የፈዘዘ ቢመስላችሁ ማስኩን ደጋግማችሁ ለማጠብ አትድከሙ፤ ከድንጋዩ ሥር የሚፈልቀው ቀዝቃዛ ጣፋጭ ውኃ ከጨው ውኃው በላይ ተንሳፎ ሲቀላቀል የሚፈጥረው ብዥታ ነው። አንድ ሜትር ዝቅ ሲሉ ይጠራል። በባዶ እግር ግን አይሞከርም፤ የኮራል ድንጋዩ እንደ ምላጭ ነው፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም።

ሌላው የሚያሳስት የቀን ጉዳይ ነው። ከኒውዚላንዷ ኦክላንድ ወደ ኒዌ በረራው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ነገር ግን የቀን መለያ መስመርን ስለሚያቋርጡ ቅዳሜ ተነሥተው አርብ ይደርሳሉ። ማደሪያውን በኦክላንድ ቀን የያዘ ሰው የመጀመሪያዋን ሌሊት አልጋ የለውም። ማረፊያም፣ የጀልባ ቀጠሮም፣ ኢንሹራንስም በኒዌ ቀን ይያዙ።

ዓሣ ነባሪ፦ ቫቫኡ ወይስ ኒዌ?

ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ከአንታርክቲካ ቀዝቃዛ ባሕር ተነሥተው ለመጋባትና ለመውለድ ወደ ሁለቱም ይመጣሉ። ወቅቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፤ ነሐሴና መስከረም ዋናው ናቸው። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያም የቅዝቃዜው ወራት ነው፣ ግን ደረቁ ወቅት ነው፤ ዝናቡና አውሎ ነፋሱ የሚመጣው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው።

ቫቫኡ በቶንጋ ውስጥ ያለ የብዙ ትንንሽ ደሴቶች ስብስብ ነው። በደሴቶቹ መካከል ከነፋስ የተከለለ ጸጥ ያለ ውኃ ስላለ እናት ከነግልገሏ እዚያ ታርፋለች፤ ለዚህ ነው ቫቫኡ ከኒዌ የሚበልጠው። ማዕበሉ ቢነሣም መሪው ወደ ሌላኛው የደሴት ወገን ዞሮ መፈለግ ይችላል። ጉድለቱ የጀልባው ብዛት ነው፤ በነሐሴ አንዲት እናት ዙሪያ ሦስትና አራት ጀልባ ተራ ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነው። ኒዌ ላይ ተራ የሚጋፋ የለም፣ ውኃውም ይበልጥ የጠራ ነው፣ አንዳንዴም ዓሣ ነባሪውን ከገደሉ አፋፍ ቆመው ያዩታል። ነገር ግን ባሕሩ ገላጣ ነው፤ ጀልባ ካልወጣ ነገሩ አበቃ። ዓሣ ነባሪ ብቻ ፈልገው ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ቫቫኡን ይምረጡ። መጥለቅ ዋናው ሆኖ ዓሣ ነባሪው ምርቃት ከሆነ ኒዌ ትበልጣለች።

ሕጉ ቀላል ነው። በቶንጋ ፈቃድ ካለው ጀልባ ነው የሚወጣው፤ በአንድ ጊዜ ውኃ ውስጥ የሚገቡት አራት ዋናተኞችና አንድ መሪ ብቻ ናቸው፤ ሲሊንደር አይፈቀድም። አንድ ጀልባ ስምንት ሰው ከጫነ ግማሹ ሁልጊዜ ተቀምጦ ይጠብቃል ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ «ስንት ሰው ትጭናላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ይበልጣል። እሑድ በቶንጋ ሥራ የተከለከለ ስለሆነ በሰባት ቀን ቆይታ ስድስት ቀን ብቻ ያስቡ፤ ከእነዚህም ቢያንስ አራቱን ለባሕር ይያዙ። አንድ ቀን ብቻ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ጀርባና ጅራት ነው።

ውኃ ውስጥ ምን ያበላሻል? ጫጫታ። ከጀልባ ዘሎ መግባት፣ በእግር ክንፍ ውኃውን መምታት፣ ማሳደድ። እናቲቱ በእነዚህ ወራት አትመገብም ማለት ይቻላል፤ ግልገሏን የምታጠባው ከደቡብ ይዛ ከመጣችው ስብ ነው። ባሳደዷት ቁጥር ለጉዞ የሚያስፈልጋትን ጉልበት ታባክናለች፤ ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላም ትታችሁ ትሄዳለች። በጀልባው ጠርዝ ቀስ ብሎ መንሸራተት፣ ክንፉን ከውኃው ሥር ብቻ ማንቀሳቀስ፣ ከመሪው ጎን ተሰብስቦ መቆየት፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ግልገሉ በየጥቂት ደቂቃው ለአየር ይወጣል፣ እናቱ ከሥር ረዘም ላለ ጊዜ ታርፋለች፤ ብዙ ጊዜ የሚጠጋው ራሱ ግልገሉ ነው። ሲጠጋ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ጅራቱን መቆጣጠር ገና አልተማረም፤ ከጅራቱ ይራቁ። ብዙ ወንዶች አንዲት ሴት ተከትለው ሲጋፉ ከታየ ግን ቦታው የዋናተኛ አይደለም፤ ከጀልባ ላይ ይመልከቱ።

የውኃው ሙቀት በነሐሴ 23 ወይም 24 ዲግሪ ነው። በቁጥር ሞቃት ይመስላል፣ ሳይንቀሳቀሱ ለአንድ ሰዓት ሲንሳፈፉ ግን ያንቀጠቅጣል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱትና ከጀልባው ላይ የሚደረብ የነፋስ ጃኬት አይቅርብዎ። ቫቫኡ ላይ ለጠላቂም ሥራ አለ፤ ኔያፉ ወደብ ውስጥ በ1927 የሰጠመው ክላን ማክዊሊያም የተባለ ትልቅ መርከብ አለ፣ ስዋሎስ ዋሻ የሚባለው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባበት ነው የሚያምረው።

ፓላው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሄድ

ፓላው 18,000 ያህል ሕዝብ ያላት አገር ናት። በ2009 የባሕሯን ክልል የሻርክ መጠለያ ብላ በማወጅ ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች፤ እንጉዳይ የመሰሉት ሮክ ደሴቶቿ ያሉበት ደቡባዊ ላጉን በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሻርክ፣ ማንታ፣ ኤሊ፣ የባራኩዳ መንጋ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስብርባሪ መርከብና የማይናደፍ የሚመስል ጄሊፊሽ የሚታይበት ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ዝነኛው ቦታ ብሉ ኮርነር ነው። ወደ ባሕሩ የወጣ ሦስት ማዕዘን የሪፍ ጠርዝ ሲሆን፣ ውኃው ሲፈስ ሻርኮቹ ጠርዙ ላይ ፊታቸውን ወደ ፍሰቱ መልሰው ይቆማሉ። ጠላቂውም እንዲሁ ለመቆም መንጠቆ ይጠቀማል፤ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ገመድ፣ በአንዱ ጫፍ መንጠቆ፣ በሌላው ከቢሲዲው (አየር ከሚሞላው የጠላቂ ጃኬት) ጠንካራ ቀለበት ጋር የሚያያዝ ማሰሪያ። አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የሞተ ባዶ ድንጋይ ይፈልጉ፤ ሕያው ኮራል ላይ የተሰካ መንጠቆ ኮራሉን ይሰብራል፣ ከዚያ ፍሰቱ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። መንጠቆው መያዙን በእጅ ይፈትኑ። ከዚያ ቢሲዲው ውስጥ ትንሽ አየር ይጨምሩ፣ እንደ ካይት ከሪፉ ከፍ ይላሉ። ሲለቁ ግን ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ አየሩን ያስወጡ፣ ቀጥለው መንጠቆውን ይፍቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አየሩን ሳያስወጣ የፈታ ሰው እንደ ፊኛ ወደ ላይ ይመነጠቃል። ፍሰቱ ሲበረታ ራስን ወደ ጎን ማዞርም አደጋ አለው፤ ማስኩ ውኃ ያስገባል፣ የሚተነፍሱበት ሬጉሌተርም በራሱ አየር መልቀቅ ይጀምራል። ወደ ጎን ማየት ካስፈለገ መላ ሰውነትዎን ቀስ አድርገው ያዙሩ።

በግድግዳው ዳር ውኃው ወደ ታች የሚስብበት ጊዜ አለ። ምልክቱ የትንፋሽዎ አረፋ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች መሄዱ ነው። ያኔ ወደ ላይ መታገል ጉልበት መጨረስ ነው፤ ከግድግዳው ራቅ ብለው ወደ ክፍቱ ባሕር በአግድም ይዋኙ፣ የሚስበው ውኃ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ርቆ አይሄድም። አየር ከጨመሩ ጣትዎ ከማስወጫው አይለይ፤ ፍሰቱ ድንገት ሲለቅዎት ያ አየር በፍጥነት ያስወጣዎታልና።

ጀርመን ቻነል የማንታ ቦታ ነው፤ ጀርመኖች ፎስፌት ለማጓጓዝ ሪፉን ቆፍረው የከፈቱት መተላለፊያ ነው። ጄሊፊሽ ሐይቅ ደግሞ ለስኖርክል ብቻ ነው። ሲሊንደር የተከለከለው ለጌጥ አይደለም፤ ከ15 ሜትር ገደማ በታች ያለው የሐይቁ ውኃ ኦክስጅን አልባና በሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተመረዘ ነው፣ መርዙም በቆዳ በኩል ይገባል። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያድን ምክር አለ። ለሮክ ደሴቶቹ ብቻ የሚሆነው ፈቃድ 50 የአሜሪካ ዶላር ነው፣ ጄሊፊሽ ሐይቁን የሚጨምረው 100 ዶላር። የጄሊፊሹ ቁጥር ግን እንደ አየሩ ጠባይ ይዋዥቃል፤ በ2016 ከድርቁ ጋር ጨርሶ ጠፍቶ፣ ሐይቁ እንደገና ለጎብኚ የተመከረው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከመክፈልዎ በፊት «በዚህ ሳምንት ምን ያህል አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከዚህ ሌላ የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ 100 ዶላር በአውሮፕላን ቲኬቱ ውስጥ ይካተታል።

ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ሪፍ የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች ያሉባቸው የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች በፓላው ክልክል ናቸው፤ ጉምሩክ ይወስዳቸዋል። ረጅም እጅጌ ያለው የመዋኛ ሸሚዝ ከቅባት ሁሉ ይበልጣል። የጠዋቱ ጀልባ ከዋናዋ ከተማ ከኮሮር ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል በፍጥነት ስለሚሄድ ዝናብ ሲመጣ ፊትን እንደ ጠጠር ይመታል፤ የዝናብ ልብስ በሞቃት አገር ማን ይይዛል እንዳይሉ። ደህናው ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፣ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ስለሆነ 3 ሚሊ ሜትር ዌትሱት ይበቃል።

ያፕ፦ ማንታ ለሚጠብቅ

ያፕ ከማይክሮኔዢያ ፌዴሬሽን አራት ግዛቶች አንዷ ናት። የድንጋይ ገንዘቧ ያስታወቃት ቢሆንም ጠላቂ የሚሄደው ለማንታ ነው። ማንታዎቹ በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ባሉ ድንጋዮች ላይ ቆመው ትንንሽ ዓሦች ከቆዳቸው ላይ ጥገኛ ተሕዋስያንን እንዲለቅሙላቸው ይጠብቃሉ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ሚል በሚባለው መተላለፊያ የመጋቢያ ጊዜ ነው፤ አንዲትን ሴት ተከትለው በሰልፍ የሚበሩ ወንዶች ያኔ ነው የሚታዩት። በበጋችን ማብቂያና በክረምታችን ወራት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያለው ጉፍኑው መተላለፊያ ይሻላል።

ጥልቀቱ አያስፈራም፣ ከ10 እስከ 15 ሜትር ገደማ ነው። ከባዱ ነገር መቆየት ነው። ማንታ የሚበላው በዓይን የማይታይ ተንሳፋፊ ነፍሳት ስለሆነ እሱ ያለበት ውኃ ደብዛዛ ነው፤ የኒዌን ጥራት አይጠብቁ። ከድንጋዩ በላይ አይዋኙ፤ ከላይ የሚመጣ ጥላ ለማንታ ጠላት ነው። ከጎን ዝቅ ብሎ አሸዋ ላይ መቀመጥ፣ ትንፋሽን በቀስታ መልቀቅ፣ እጅን አለመዘርጋት። አንድ ሰው ሊያገኘው ብሎ ከሥሩ ወደ ላይ ከዋኘ ማንታው ይሄዳል፣ የቡድኑ ሁሉ ቀን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የራስን ሚዛን ሳይንቀሳቀሱ መጠበቅ የማይችል ሰው ያፕን ለሚቀጥለው ጉዞ ያቆየው።

በምድሩ ላይም ሥርዓት አለ። መሬቱ፣ መንገዱ፣ አልፎም የባሕር ዳሩ የባለቤት ነው፤ ወደ መንደር ሳይጠይቁ አይገባም። ሲገቡ አረንጓዴ ቅጠል በእጅ መያዝ በሰላም መምጣትን ያሳያል። ጭን የሚያሳይ ልብስ ነውር ነው፤ በዚህ አበሻ አይቸገርም። የድንጋይ ገንዘብ ላይ መቀመጥማ የሰው ካዝና ላይ መቀመጥ ነው።

ፋካራቫ፦ የሻርክ ግድግዳ

በፈረንሳይ ፖሊኔዢያ የምትገኘው ይህች ቀለበት መሳይ ደሴት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አላት፤ በመካከሏ ያለው ላጉን ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኘው በሁለት በሮች ብቻ ነው። በሰሜን ጋሩዋይ፣ በደቡብ ቱማኮሁዋ። በደቡቡ በር መቶዎች ግራጫ የሪፍ ሻርኮች ቀን ቀን ፍሰቱ ላይ ተንሳፈው ያርፋሉ። በሰኔና በሐምሌ ሙሉ ጨረቃ ላይ ለመራባት የሚሰበሰቡት ሺዎች ግሩፐር ዓሦች ሲጨመሩ ሌሊቱ የአደን ሌሊት ይሆናል።

እዚህ የመጥለቂያ ሰዓት የሚወስነው ቁርስ አይደለም፣ የባሕሩ ሙላት ነው። ውኃው ወደ ላጉኑ ሲገባ የጠራው የውቅያኖስ ውኃ ይመጣል፣ ጠላቂውንም ወደ ውስጥ፣ ወደ ደህናው ቦታ ይወስደዋል። ሲወጣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ሰውንም ወደ ክፍት ባሕር ይገፋል። ስለዚህ «ነገ በሦስት ሰዓት እንወጣለን» ያለው መሪ ዛሬ ማታ ሐሳቡን ቢቀይር አይቀየሙት። ሻርኮቹ የሚታዩት ከ25 እስከ 30 ሜትር ባለው ላይ ነው። በተራ አየር በ30 ሜትር ላይ፣ ሲወጡ በመንገድ ማቆም ሳያስፈልግ፣ መቆየት የሚቻለው 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ 32 ከመቶ ኦክስጅን ያለው ናይትሮክስ የተባለው የመተንፈሻ ድብልቅ ጊዜውን ያስረዝማል፣ በዚያ ድብልቅ ግን ከ33 ሜትር አይወረድም። የናይትሮክስ ትምህርቱን ከመሄድዎ በፊት ይጨርሱ።

ማረፊያ ሲይዙ የሰሜኑና የደቡቡ ርቀት ብዙዎችን ያታልላል። የአውሮፕላን ማረፊያውና ሮቶዋቫ መንደር በሰሜን ናቸው፤ ደቡቡ በጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ለሻርኩ ብለው ከሆነ የሚሄዱት ቢያንስ ሦስት ሌሊት ደቡብ፣ ቴታማኑ አካባቢ ይደሩ።

ችሎታዎን በሐቅ

የመጀመሪያው ደረጃ የጠላቂ መታወቂያ እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩ እስከ 30 ሜትር ይፈቅዳል። መታወቂያ ግን ልምድ አይደለም። ኒዌ ላይ አሥር ጊዜ የጠለቀ ሰው በደህና ቀን ይደሰታል። ለያፕ ሃያ ያህል ጊዜ የጠለቀና ሚዛኑን የሚጠብቅ ይመከራል። ለብሉ ኮርነርና ለፋካራቫ ደቡብ በር ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ጊዜ፣ ከእነዚህም ጥቂቱ በፍሰት ውስጥ ቢሆን። ልምዱን በቅርብ ማግኘት ይቻላል፤ እስራኤል ያለ በኤላት፣ ኤምሬትስ ያለ በፉጃይራ፣ አዲስ አበባ ያለ በጅቡቲ። እግረ መንገድ ይህን እንበል፦ ሕልምዎ ሻርክ ዓሣ ነባሪ (ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ሻርክ) ከሆነ ፓሲፊክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ ጥር በጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደጃችን ላይ ይመጣል።

መንገድና ቪዛ

ደሴቲቱ ቪዛ ባትጠይቅም መንገዱ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ቲኬት ገዝቶ የሚቀረው እዚህ ነው። ያፕ የሚያደርሰው በረራ በጉዋም በኩል ነው፤ ጉዋም የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ለማለፍ ብቻም የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ይህ ማለት የወራት ቀጠሮ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ምንም አይቸግረውም፣ የእስራኤል ፓስፖርት የያዘም ከ2023 ወዲህ በኢንተርኔት በሚሞላው ፈቃድ ያልፋል። ፓላው ከጉዋም ሌላ በታይፔ በኩል ስለሚደረስ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚቀናው እሱ ነው፤ ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት ይግዙ፣ ሻንጣው እስከ ኮሮር ይለፍ፤ አለዚያ ሻንጣ ለማውጣት የታይዋን ቪዛ ይጠየቃሉ።

ለኒዌ የኒውዚላንድን ቪዛ አስቀድመው ይጨርሱ። የመሸጋገሪያ ቪዛ ከ24 ሰዓት በላይ አያቆይም፣ የኒዌ በረራ ግን በየቀኑ ስለሌለ ብዙ ጊዜ የጎብኚ ቪዛ ነው የሚያዋጣው፤ በመመለሻውም ኦክላንድን እንደሚያልፉ ያስታውሱ። ለፋካራቫ አውሮፓ ያሉ ወገኖች የሚሳሳቱት የሼንገን ቪዛ ፈረንሳይ ፖሊኔዢያንም ይሸፍናል ብለው ነው። አይሸፍንም፤ ቪዛው ላይ ለይቶ መጻፍ አለበት። ከፓሪስ ወደ ዋና ከተማዋ ፓፔቴ የሚሄዱ በረራዎች ብዙዎቹ በአሜሪካ በኩል ያልፋሉ፣ ይህም ሌላ ቪዛ ነው።

ግፊትና በረራ

ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን እስኪወጣ ድረስ ለመብረር ለአንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቃል፤ 24 ሰዓት ቢያደርጉት ነው የሚሻለው። አዲስ አበባ ለሚመለስ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የአውሮፕላን ክፍል ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ ቦሌም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ሌላው ጠላቂ ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠለል ግፊት ይመለሳል፣ የአዲስ አበባው ግን አርፎም እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ከፓሲፊክ ሲመለሱ ጉዞው ራሱ ረጅም ነው፤ የሚያሳስበው ከጅቡቲ ጠዋት ጠልቆ ማታ ቦሌ የሚገባው ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የመደንዘዝ ስሜት ወይም ያልተለመደ ድካም ከመጣ ኦክስጅን መውሰድና ሐኪም ማየት ነው፣ «ድካም ነው» ብሎ መተኛት አይደለም።

ኒዌ ላይ የግፊት ሕክምና ክፍል የለም፤ በሽተኛ ወደ ኒውዚላንድ ነው የሚወሰደው። ፓላው በብሔራዊ ሆስፒታሏ አላት፣ ፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ፓፔቴ ላይ አላት። ስለዚህ የመጥለቅ አደጋንና በአውሮፕላን መጓጓዝን በስም ጠቅሶ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሳይዙ አይነሡ፤ ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ ከ18 ወይም ከ30 ሜትር በታች ያለውን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ወረቀቱን ያንብቡ።

ምን ይያዝ

ሲሊንደርና ክብደት እዚያው ይከራያል። የራስዎ መሆን ያለበት ማስክና የመጥለቂያ ኮምፒውተር ነው፤ ማስኩ ፊትዎን የሚያውቅ ይሁን፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ በመጨረሻው ቀን መለወጥ የጠለቁበትን ታሪክ መጣል ነው። ከዚያ ከአንድ ሜትር ከሃያ የማያንስ ብርቱካንማ የምልክት ፊኛ፣ ቢያንስ 10 ሜትር ገመድ ካለው ጥቅል ጋር፤ ፍሰት ሲለይዎት ጀልባው የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ፉጨት፣ ትንሽ መስታወት፣ መለዋወጫ የማስክ ማሰሪያና የጎማ ቀለበቶች። የባሕር ሕመም ክኒን ያጥወለወለው ሰው የሚውጠው ሳይሆን ጀልባው ከመነሣቱ አንድ ሰዓት በፊት የሚወሰድ ነው፤ እንቅልፍ የሚያመጣ መሆኑን ግን ቤትዎ ሆነው ይሞክሩት። ጥሬ ገንዘብ ለኒዌ በኒውዚላንድ ዶላር፣ ለፓላውና ለያፕ በአሜሪካ ዶላር፣ ለፋካራቫ በፓሲፊክ ፍራንክ፣ ለቶንጋ በፓአንጋ።

ክፍያ ሲፈጽሙም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ በመጀመሪያ የጀልባው ቦታ፣ ቀጥሎ ቪዛው፣ ከዚያ ረጅሙ በረራ፣ ማረፊያው መጨረሻ። ለቫቫኡ ነሐሴና መስከረም የጀልባ ቦታ ከዓመት በፊት ያልቃልና፣ ጀልባ ሳይያዝ የተገዛ ርካሽ ቲኬት ብዙ ጊዜ ውድ ቲኬት ነው።